ከመድኃኒት ቤቱ ባንኮኒ ጀርባ፦ የፋርማሲ ተማሪዎች ስለ ኦቲዝም ያላቸው ዕውቀት ለቤሩት ቤተሰቦች ለምን ያስፈልጋል?

በቤሩትና በዙሪያዋ በሚገኙ ሰፈሮች ሕመም የተሰማው ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ሆስፒታል ሳይሆን በአቅራቢያው ወዳለው መድኃኒት ቤት ነው። በሐምራም ይሁን በአሽረፊየህ፣ በቡርጅ ሐሙድም ይሁን በዶራ ወይም በደቡባዊው የከተማዋ ዳርቻ፣ ነዋሪው በአረብኛ «ሰይደሊየ» የሚለው መድኃኒት ቤት ከመኖሪያው ጥቂት ርምጃ ርቆ ይገኛል። ወደዚያ ለመግባት ቀጠሮ አያስፈልግም፤ ምክር ለመጠየቅም ክፍያ የለም። ስለዚህ የሕፃን ትኩሳት፣ ሳልና ተቅማጥ ብቻ ሳይሆን «ልጁ ሁለት ዓመት ሞላው፣ እስካሁን ግን አልተናገረም» የሚለው ጭንቀትም ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚነገረው ለፋርማሲስቱ ነው።

በዚህ ምክንያት ነገ ከዚያ ባንኮኒ ጀርባ የሚቆመው የዛሬው የፋርማሲ ተማሪ ስለ ኦቲዝም ምን ያህል ያውቃል የሚለው ጥያቄ ለዩኒቨርሲቲ መምህራን ብቻ የሚተው አይደለም። ልጅ የሚያሳድጉ ወላጆችን፣ እንዲሁም የሌላ ሰው ልጅ ቀኑን ሙሉ በእጃቸው ላይ የሚውል የቤት ሠራተኞችን በቀጥታ ይነካል። ፋርማሲስቱ «ወንድ ልጅ ሲናገር ይዘገያል፣ ጠብቂ» ብሎ ቢመልስና «ይህ ልጅ በሐኪም መታየት አለበት» ብሎ ቢመልስ፣ በሁለቱ መልሶች መካከል ያለው ልዩነት ለሕፃኑ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ጊዜ ሊሆን ይችላል።

ኦቲዝም ምንድን ነው?

ኦቲዝም የአንጎል ዕድገትን የሚመለከት፣ ከልጅነት ጀምሮ የሚታይና ዕድሜ ልክ አብሮ የሚኖር ሁኔታ ነው። ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ አይደለም። የአስተዳደግ ጉድለት ያመጣውም አይደለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱን የቻለ ሁኔታ ሆኖ በዝርዝር የተገለጸው እ.ኤ.አ በ1943 ሲሆን፣ የገለጹትም በአሜሪካ ይሠሩ የነበሩት የሕፃናት የሥነ አእምሮ ሐኪም ሊዮ ካነር ናቸው። ካነር በጊዜው የተከታተሏቸው ሕፃናት አሥራ አንድ ነበሩ።

ዛሬ ባለሙያዎች ኦቲዝምን የሚለዩት በሁለት ዐበይት መስኮች በሚታዩ ምልክቶች ነው። የመጀመሪያው ከሰው ጋር የመግባባትና የመቀራረብ ችግር ነው፤ ዓይን ለዓይን አለመተያየት፣ በስም ሲጠሩ አለመመለስ፣ የሚፈልጉትን በጣት አለማመልከት፣ ከእኩዮች ጋር አብሮ አለመጫወት ይገኙበታል። ሁለተኛው ተደጋጋሚና የተወሰነ የጠባይ ሁኔታ ነው፤ እጅን ማርገብገብ፣ አሻንጉሊቶችን በመስመር መደርደር፣ የዕለት ልማድ ትንሽ ሲለወጥ እጅግ መረበሽ፣ ለድምፅ፣ ለብርሃን ወይም ለምግብ ጣዕም ከልክ በላይ ስሜታዊ መሆን ይጠቀሳሉ።

«ስፔክትረም» የሚለው ቃል የሚያመለክተው እነዚህ ምልክቶች ከሰው ሰው በእጅጉ የሚለያዩ መሆናቸውን ነው። አንዱ ልጅ ፈጽሞ ላይናገር ይችላል፤ ሌላው አቀላጥፎ እየተናገረ የሰውን ቀልድና ስሜት መረዳት ይቸግረዋል። አንዳንዱ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ሲኖርበት፣ አንዳንዱ ደግሞ በትምህርቱ ከእኩዮቹ የላቀ ይሆናል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ በ2013 ባወጣው አምስተኛው የምርመራ መመሪያ ቀደም ሲል «አስፐርገር» እና በሌሎች ስሞች ይጠሩ የነበሩትን ሁኔታዎች በአንድ መጠሪያ ሥር ያጠቃለለውም በዚህ ምክንያት ነው።

በሊባኖስ ምን ያህል ሕፃናት ናቸው?

የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት መሠረት እ.ኤ.አ በ2021 በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም ነበረበት። ቁጥሩ ከአገር አገር የሚለያይ ሲሆን፣ ልዩነቱ በከፊል የሚመጣው ምርመራው ባለበትና በሌለበት አገር መካከል ካለው ርቀት ነው።

በሊባኖስ የቤሩት አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በቤሩትና በሊባኖስ ተራራ አውራጃ በሚገኙ 177 የሕፃናት ማቆያዎች ውስጥ ጥናት አካሂደው ውጤቱን እ.ኤ.አ በ2016 አሳትመዋል። ዕድሜያቸው ከ16 እስከ 48 ወር የሆኑ 998 ሕፃናት በጥናቱ የተካተቱ ሲሆን፣ በዚህ የመጀመሪያ ደረጃ ጥናት የተገኘው ግምት ከ66 ሕፃናት አንዱ የሚል ነበር። ይህን ቁጥር ወደ ዕለት ኑሮ ሲመልሱት፣ በርካታ ቤተሰቦች በሚገበያዩበት በማንኛውም የሰፈር መድኃኒት ቤት ደንበኞች መካከል ኦቲዝም ያለበት ልጅ የሚያሳድግ ቤተሰብ አለ ማለት ነው። ፋርማሲስቱ ልጁን ያያል፤ የሚያየውን ነገር ምንነት መለየቱ ግን በተማረው ትምህርት ይወሰናል።

የኢኮኖሚ ቀውሱና መድኃኒት ቤቱ

ከ2019 እ.ኤ.አ መጨረሻ ጀምሮ ሊባኖስን ያናጋው የኢኮኖሚ ቀውስ መድኃኒት ቤቱን ለነዋሪው ይበልጥ አስፈላጊ አድርጎታል። የአገሪቱ ገንዘብ ዋጋ ሲወድቅ የሐኪም ክፍያ ለብዙዎች የማይቻል ሆነ፤ ከሐኪሞችና ከነርሶችም ብዙዎቹ አገር ለቀው ሄዱ። ነሐሴ 4 ቀን 2020 እ.ኤ.አ የደረሰው የቤሩት ወደብ ፍንዳታ ሆስፒታሎችን ሲጎዳ፣ በካራንቲና የሚገኘውን የመንግሥት ማዕከላዊ የመድኃኒት መጋዘንም ክፉኛ ጎድቷል።

በ2021 እ.ኤ.አ የበጋ ወራት የመድኃኒት ቤት መደርደሪያዎች ባዶ የሆኑበት፣ ፋርማሲዎችም የሥራ ማቆም አድማ ያደረጉበት ወቅት ነበር። በዚያው ዓመት መገባደጃ በአብዛኞቹ መድኃኒቶች ላይ የነበረው ድጎማ ሲቀነስ ዋጋቸው በአንድ ጊዜ አሻቀበ። ከገበያ ከጠፉት መካከል ለሚጥል በሽታና ለአእምሮ ሕመም የሚታዘዙ መድኃኒቶች ይገኙ ነበር። እነዚህ መድኃኒቶች ደግሞ ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች መካከል ለአንዳንዶቹ የሚታዘዙ ናቸው። በ2024 እ.ኤ.አ መጸው በቤሩት ደቡባዊ ዳርቻ ላይ የተፈጸመው ድብደባ ቤተሰቦችን ሲያፈናቅል፣ ለድምፅ ስሜታዊ የሆኑና ያለ ቋሚ የዕለት ልማድ መኖር የሚቸግራቸው ልጆች የደረሰባቸው ጫና የከፋ እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

በእነዚህ ዓመታት ብዙው ሰው ምክር ያገኘው ከፋርማሲስቱ ነው። ኃላፊነቱ የጨመረውን ያህል ዕውቀቱም መጨመር ይኖርበታል።

የራሱ መድኃኒት የሌለው ሁኔታ

በሊባኖስ ፋርማሲ ከሚያስተምሩት ተቋማት መካከል ዋና ግቢው በደቡባዊው የቤሩት ዳርቻ በሐደት የሚገኘው የመንግሥቱ የሊባኖስ ዩኒቨርሲቲ፣ ቅዱስ ዮሴፍ ዩኒቨርሲቲ፣ የቤሩት ዓረብ ዩኒቨርሲቲ፣ የሊባኖስ ዓለም አቀፍ ዩኒቨርሲቲ እና ከቤሩት በስተሰሜን በጁበይል የሚያስተምረው የሊባኖስ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ይጠቀሳሉ። ትምህርቱ ረጅም ነው፤ ተማሪው ከመመረቁ በፊትም በመድኃኒት ቤትና በሆስፒታል የተግባር ልምምድ ያደርጋል።

የፋርማሲ ትምህርት በየትም አገር ቢሆን በመድኃኒት ዙሪያ የተዋቀረ ነው። ተማሪው የደም ግፊትን የሚማረው ከደም ግፊት መድኃኒቶች ጋር፣ ስኳር በሽታንም ከኢንሱሊን ጋር አያይዞ ነው። ኦቲዝም ግን የራሱ መድኃኒት የለውም። ዋና ዋና ምልክቶቹን የሚያጠፋ መድኃኒት እስካሁን በዓለም ላይ አልተገኘም። ለልጁ የሚበጀው ሥልጠና ነው፤ የንግግር ሕክምና፣ የጠባይ ሥልጠና፣ የዕለት ተግባርን ማለማመድና ለወላጆች የሚሰጥ ትምህርት። በመድኃኒት ዙሪያ በተዋቀረ ትምህርት ውስጥ መድኃኒት የሌለው ሁኔታ በቀላሉ ሊታለፍ ይችላል። የችግሩ ሥር እዚህ ላይ ነው። ተማሪው «ለዚህ የምሸጠው ነገር የለም» ብሎ ርዕሱን ቢያልፈው፣ ነገ በባንኮኒው በኩል ለሚመጣው ቤተሰብ የሚሰጠው ምክርም አይኖረውም።

ዕውቀት የሚለካው እንዴት ነው?

የጤና ባለሙያዎችንና ተማሪዎችን የኦቲዝም ዕውቀት ለመለካት በተለያዩ አገሮች ከሚያገለግሉት መጠይቆች አንዱ በአፍሪካ የተዘጋጀ ነው። መጠይቁን ናይጄሪያዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ሙይዲን ባካሬና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ በ2008 አስተዋወቁት። 19 ጥያቄዎች ሲኖሩት፣ በአራት ክፍል ይመደባሉ። የመጀመሪያው ክፍል ልጁ ከሰው ጋር ያለውን ግንኙነት፣ ሁለተኛው የንግግር እክልን፣ ሦስተኛው ተደጋጋሚ ጠባይን፣ አራተኛው ደግሞ ኦቲዝም ምን ዓይነት ሁኔታ እንደሆነ፣ መቼ እንደሚጀምርና ከምን ጋር አብሮ እንደሚታይ ይጠይቃሉ። ለምሳሌ ኦቲዝም ከሚጥል በሽታ ጋር አብሮ ሊታይ ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ በዚህ በአራተኛው ክፍል ይገኛል። መልሱም «አዎ» ነው።

በዚሁ መጠይቅ በናይጄሪያ ኤኑጉ በመጨረሻ ዓመት የሕክምና፣ የነርሲንግና የሥነ ልቦና ተማሪዎች ላይ በተካሄደ ጥናት፣ እ.ኤ.አ በ2010 እንደታተመው ውጤት ከሆነ፣ የተሻለ ዕውቀት ያሳዩት የሕክምና ተማሪዎች ነበሩ። ተማሪዎቹ በአእምሮ ሕክምና ክፍል ያሳለፉት የልምምድ ጊዜም ከዕውቀታቸው ጋር ተያያዥነት እንዳለው ታይቷል። ለፋርማሲ ተማሪዎችም ከዚህ የሚወሰድ ትምህርት አለ። ምልክቶችን በመጽሐፍ ማንበብ አንድ ነገር ነው፤ ዓይኑን የሚያሸሽ፣ በሰው ብዛት የሚረበሽ ልጅ ከእናቱ ጋር ሲመጣ አይቶ ማስተናገድ ግን በልምምድ የሚገኝ ችሎታ ነው።

መጠይቁ አስቀድሞ የተዘጋጀው ለጤና ሠራተኞች በአጠቃላይ ስለሆነ የመድኃኒትን ጉዳይ በዝርዝር አይነካም። የፋርማሲ ተማሪ ግን ከምልክቶቹ በተጨማሪ የመድኃኒቱንም ጎን ማወቅ ይጠበቅበታል።

ፋርማሲስቱ ስለ መድኃኒቱ ምን ማወቅ አለበት?

ኦቲዝምን የሚያድን መድኃኒት ባይኖርም፣ አብረው ለሚታዩ ችግሮች የሚታዘዙ መድኃኒቶች አሉ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ ለሚታይ ከባድ ብስጭትና ራስን የመጉዳት ጠባይ ሪስፔሪዶን እ.ኤ.አ በ2006፣ አሪፒፕራዞል ደግሞ በ2009 እንዲሰጡ ፈቅዷል። ለእንቅልፍ ችግር ሜላቶኒን፣ ለሚጥል በሽታ ደግሞ የተለያዩ መድኃኒቶች ይታዘዛሉ።

ፋርማሲስቱ እነዚህን ሲያስረክብ ሊያስተውላቸው የሚገቡ ነጥቦች አሉ። ሪስፔሪዶን የምግብ ፍላጎትንና የሰውነት ክብደትን ሊጨምር ስለሚችል የልጁ ክብደት በየጊዜው መታየት ይኖርበታል። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ካርባማዜፒን ደግሞ የሪስፔሪዶንን መጠን በደም ውስጥ ይቀንሳል፤ ሁለቱ አብረው ሲታዘዙ ፋርማሲስቱ ሐኪሙን ማነጋገር አለበት። መድኃኒቱ ከገበያ ሲጠፋ ቤተሰቡ በራሱ ውሳኔ እንዳያቋርጠው፣ በሌላ ሰው ምክርም ሌላ መድኃኒት እንዳይተካበት ማስረዳትም የእርሱ ድርሻ ነው።

ሌላው ጉዳይ አወሳሰዱ ነው። ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ልጆች ለጣዕምና ለምግብ ልስላሴ ስሜታዊ ስለሆኑ ክኒን አይውጡም፤ ሽሮፕም ይተፋሉ። እናት ወይም ሞግዚት ክኒኑን ፈጭታ በምግብ ውስጥ ብትደባልቀው ችግሩ የተፈታ ይመስላል። ነገር ግን ቀስ በቀስ እንዲሟሟ ተደርጎ የተሠራ ክኒን ሲፈጭ ሙሉ መጠኑ በአንድ ጊዜ ወደ ሰውነት ሊገባና ሊጎዳ ይችላል። የትኛው እንደሚፈጭና የትኛው እንደማይፈጭ የሚያውቀው ፋርማሲስቱ ነው። ፈሳሽ መድኃኒትም በሻይ ማንኪያ ሳይሆን ልኬት ባለው መስጫ እንዲሰጥ አድርጎ ማሳየት ይገባዋል።

ለነፍሰ ጡርና ለመውለድ ዕድሜ ላይ ላሉ ሴቶችም የሚነገር ጉዳይ አለ። ለሚጥል በሽታ የሚታዘዘው ቫልፕሮኤት በእርግዝና ወቅት ሲወሰድ በሚወለደው ልጅ ላይ የአካል ጉድለትና የኦቲዝም ዕድልን ይጨምራል። ይህን መድኃኒት የምትወስድ ሴት በድንገት ማቋረጥ የለባትም፤ ማርገዝ ከማሰቧ በፊት ሐኪም አማክራ መድኃኒቱ እንዲለወጥላት ማድረግ አለባት።

ክትባት፣ ፓናዶልና የሐሰት ፈውስ

ወሬ የሚመረመርበትና የሚታረምበት ቦታም መድኃኒት ቤቱ ነው። የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ክትባት ኦቲዝም ያመጣል የሚለው ወሬ የተነሣው እንግሊዛዊው ሐኪም አንድሩ ዌክፊልድ እ.ኤ.አ በ1998 በአሥራ ሁለት ሕፃናት ላይ ተመሥርተው ካሳተሙት ጽሑፍ ነው። ጽሑፉን ያወጣው ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት በ2010 ጽሑፉን ሙሉ በሙሉ ሰርዞታል፤ ዌክፊልድም በዚያው ዓመት ከሐኪሞች መዝገብ ተሰርዘዋል። በዴንማርክ ከ650 ሺህ በላይ ሕፃናትን የተከታተለውና በ2019 የታተመው ጥናት ክትባቱን በወሰዱትና ባልወሰዱት መካከል በኦቲዝም ረገድ የአደጋ ጭማሪ አላገኘም። ወሬው ግን በማኅበራዊ መገናኛ ብዙኃን አሁንም ይዞራል። ወሬውን ሰምቶ ልጁን ሳያስከትብ የሚቀር ቤተሰብ ልጁን ለኩፍኝ አሳልፎ ይሰጣል።

በመስከረም 2025 እ.ኤ.አ ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት ባለሥልጣናት ነፍሰ ጡሮች የሚወስዱትን ፓራሲታሞል ከኦቲዝም ጋር አያይዘው ሲናገሩ በብዙ አገሮች እናቶች ተረብሸዋል። በቤሩት ፓናዶል በሚለው ስም የሚታወቀው ይኸው መድኃኒት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በዚያው ወር ባወጣው መግለጫ በሁለቱ መካከል ግንኙነት መኖሩን የሚያረጋግጥ የማያሻማ ሳይንሳዊ ማስረጃ እንደሌለ አስታውቋል። በስዊድን ወደ ሁለት ሚሊዮን ተኩል የሚጠጉ ሕፃናትን መረጃ የመረመረው የ2024 ጥናት ወንድማማቾችንና እህትማማቾችን እርስ በርስ ሲያነጻጽር ግንኙነት አላገኘም። በእርግዝና ወቅት ከፍተኛ ትኩሳት ሳይታከም መቆየቱ ራሱ ለእናትም ለጽንሱም አደጋ ስላለው፣ መድኃኒቱን በሐኪም ወይም በፋርማሲስት ምክርና በተገቢው መጠን መውሰድ ይመከራል።

ከዚህ የባሰ ጉዳት የሚያስከትለው የሐሰት ፈውስ ነው። «ኦቲዝምን ከደም ያጥባል» እየተባለ ከባድ ማዕድናትን ከሰውነት የሚያወጣ መድኃኒት ለልጆች የተሰጠበት ጊዜ ነበር፤ በ2005 እ.ኤ.አ በአሜሪካ ፔንስልቬንያ ግዛት አንድ የአምስት ዓመት ልጅ በዚህ ሕክምና ምክንያት ሕይወቱ አልፏል። «ተአምራዊ ማዕድን» በሚል ስም በኢንተርኔት የሚሸጠው ፈሳሽም ከአሲድ ጋር ሲደባለቅ ወደ ማንጫ ኬሚካልነት የሚለወጥ መሆኑን የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ደጋግሞ አስጠንቅቋል። ተስፋ የቆረጠ ወላጅ ላለው ገንዘብ ሁሉ ተስፋ ሊገዛ ይፈልጋል። «ይህን ግዙ» ከማለት ይልቅ «ይህ አይረዳም፣ ይጎዳል» ማለት የሚችል ፋርማሲስት የሚፈለገው በዚህ ጊዜ ነው።

ልጁን ቀኑን ሙሉ የምታየው ማን ናት?

በቤሩት ብዙ ቤቶች ውስጥ ሕፃኑን የምታበላው፣ የምታጥበውና የምታስተኛው ከኢትዮጵያ ወይም ከሌላ አገር የመጣች የቤት ሠራተኛ ናት። ልጁ ስሙ ሲጠራ እንደማይዞር፣ ከአንድ ዓይነት ምግብ በስተቀር እንደማይቀምስ፣ የአሳንሰር ድምፅ ሲሰማ ጆሮውን እንደሚደፍን ከእናቱ ቀድማ ልታስተውል ትችላለች። ነገር ግን መናገር ቀላል አይደለም። «በልጄ ላይ ክፉ ተናገረች» ተብሎ እንዳይቆጠርባት ትሰጋለች፤ ቋንቋውም ላይበቃት ይችላል። በ1946 እ.ኤ.አ የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኞችን የማያካትት መሆኑ ደግሞ ሥራዋን የማጣት ስጋቷን ያከብደዋል። አንዳንዴም ልጁ የሚያሳየው ረብሻ የእርሷ የአያያዝ ጉድለት ተደርጎ ይወሰዳል።

ከልጆቻቸው ጋር በሊባኖስ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን እናቶችም አሉ። የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው እናቶች ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት መሄድ ስለሚፈሩ፣ መድኃኒት ቤቱ ብቸኛው የጤና በራቸው ይሆናል። እንዲህ ያለችው እናት ጋ ሲደርስ የፋርማሲ ተማሪው ዕውቀት አክብሮትን፣ ቀስ ብሎ መናገርንና ምስጢር መጠበቅን ጭምር ይጠይቃል። ልጁ ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ውጪ አረብኛ መስማቱ ኦቲዝም እንደማያመጣም ማወቅ አለበት። ሁለት ቋንቋ የሚሰማ ልጅ በስሙ ሲጠራ ይዞራል፤ በጣቱ ያመለክታል፤ ፈገግ ሲሉለት ፈገግ ይላል።

ከኢትዮጵያ የተገኘ ተሞክሮ

በኢትዮጵያ የኦቲዝም ጉዳይ ከቤት ወጥቶ ወደ አደባባይ እንዲመጣ ትልቅ ድርሻ ያበረከቱት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናቸው። ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት የሆኑት ወይዘሮ ዘሚ እ.ኤ.አ በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን በመመሥረት በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፍተዋል፤ በ2021 ሕይወታቸው እስኪያልፍም ለዚሁ ሥራ ደክመዋል። ከእርሳቸው በኋላ ሌሎች ወላጆችም ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልን በአዲስ አበባ አቋቁመዋል።

በአዲስ አበባ የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒኮች 102 ወላጆችና አሳዳጊዎችን ያነጋገረውና በ2016 እ.ኤ.አ የታተመው ጥናት፣ ብዙዎቹ መገለል እንደሚሰማቸውና የልጁን ሁኔታ ከመንፈሳዊ ምክንያት ጋር የሚያያይዙም እንዳሉ አሳይቷል። በኋላም ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስለ ልጆች የዕድገት እክል አጭር ሥልጠና፣ የኪስ መመሪያና ቪዲዮ ሲሰጥ፣ ሥልጠናውን ያገኙት ሠራተኞች የተሻለ ግንዛቤና ያነሰ አሉታዊ አመለካከት እንዳላቸው ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። ከኅብረተሰቡ ጋር በየቀኑ የሚገናኝ ሠራተኛ፣ ሐኪም ባይሆንም፣ ጥቂት ሰዓት ሠልጥኖ ብዙ ሊረዳ እንደሚችል ይህ ማሳያ ነው። በቤሩት ይህን ቦታ ሊይዝ የሚችለው ፋርማሲስቱ ነው።

ወላጆችና ሞግዚቶች ምን ያስተውሉ?

ባለሙያዎች ሕፃኑ ወደ ሐኪም እንዲወሰድ የሚያስገድዱ ብለው ከሚጠቅሷቸው ምልክቶች መካከል የሚከተሉት ይገኛሉ፦

• በ9 ወሩ በስሙ ሲጠራ የማይመልስ፣ በፊቱም ላይ ደስታ ወይም ቅሬታ የማይታይ፤
• በ12 ወሩ እጁን አወዛውዞ እንደ መሰናበት ያሉ ምልክቶችን የማያሳይ፤
• በ18 ወሩ የወደደውን ነገር ለሌላው ለማሳየት በጣቱ የማያመለክት፤
• በ24 ወሩ ሁለት ቃላት አገናኝቶ የማይናገር፣ ሌላው ሲያለቅስ ወይም ሲጎዳ የማያስተውል፤
• በማንኛውም ዕድሜ ቀድሞ ይናገር የነበረውን ቃል ወይም ይችል የነበረውን ነገር ያጣ።

ከእነዚህ አንዱ መታየቱ ብቻውን ኦቲዝም ነው አያሰኝም። ለምሳሌ የመስማት ችግር ያለበት ልጅም በስሙ ሲጠራ ላይዞር ይችላል፤ ስለዚህ የጆሮ ምርመራ ከመጀመሪያዎቹ ርምጃዎች አንዱ ነው። ከ16 እስከ 30 ወር ላሉ ሕፃናት የተዘጋጀ 20 ጥያቄዎች ያሉት የልየታ መጠይቅም አለ፤ ወላጅ በጥቂት ደቂቃ ሊሞላው ይችላል። የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጠው ግን የሠለጠነ ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው።

ወደ መድኃኒት ቤት የምትሄድ እናት ወይም ሞግዚት ያየችውን በአጭሩ ብትናገር ይበቃል፤ የልጁን ዕድሜ፣ ምን እንደማያደርግና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ። ኦቲዝም በአረብኛ «ተወሑድ» ይባላል። የቤት ሠራተኛ ለአሠሪዋ ስትናገር የበሽታ ስም ከመጥራት ይልቅ «ስሙን ስጠራው አይዞርም፣ ሐኪም ጆሮውን ቢያየው ጥሩ ነው» ብላ ያስተዋለችውን ብትገልጽ ለመደመጥ ይቀላታል። በአነስተኛ ክፍያ የሚያገለግሉ የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ጣቢያዎች በቤሩትና በዳርቻዎቿ ያሉ ሲሆን፣ የሊባኖስ የሕዝብ ጤና ሚኒስቴር በ1214 የስልክ መስመሩ መረጃ ይሰጣል። በቤሩት አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከልም የዕድገት እክል ያለባቸውን ልጆች የሚመለከት ክሊኒክ አለ።

በሊባኖስ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚደነግገው ሕግ ቁጥር 220 ከወጣ ከ2000 እ.ኤ.አ ጀምሮ ሁለት ዐሥርት ዓመታት ተቆጥረዋል። በየዓመቱ ሚያዝያ 2 ቀን እ.ኤ.አ የሚከበረው የዓለም የኦቲዝም ግንዛቤ ቀንም በ2007 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የወሰነው ነው። ሕግና መታሰቢያ ቀን ለሕፃኑ የሚደርሱት ግን በሰው በኩል ነው። የፋርማሲ ተማሪው ኦቲዝምን መርምሮ እንዲወስን የሚጠብቅ የለም። የሚጠበቅበት ሦስት ነገር ነው፤ ምልክቱን ሲያይ እንዳያልፈው፣ ወደ ትክክለኛው ሐኪም እንዲልክ፣ የማይረዳውን ነገርም እንዳይሸጥ። ይህን ተምሮ የወጣ ተማሪ በቆመበት መድኃኒት ቤት፣ «ልጁ ስሙን ስጠራው አይዞርም» ብላ የመጣች ሴት ምንም ባትገዛም እንኳ የሚረዳት ምክር ይዛ ትመለሳለች።